የድሬዳዋ ዛፍ

የአክስቴ ስልክ የመጣው በፋሲካ ማግስት ነበር። «እንኳን አደረሰህ» ብላ ጀምራ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ልጅ ልጄ ትምህርት አንድ በአንድ ጠይቃ ስትጨርስ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ፣ «ያንን ዛፍ ላስቆርጠው ነው። አባትህ የተከለው ስለሆነ ሳልነግርህ ማድረጉን ፈራሁ» አለችኝ።

ዛፉ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለው የቤተሰባችን ግቢ የቆመ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1957 ዓ.ም. መስከረም፣ እኔ አንደኛ ክፍል በገባሁ ሰሞን፣ ከሥራ ሲመለስ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የበቀለች አንዲት ችግኝ ይዞ መጣ። ቅጠሏ እንደ ላባ የሳሳች፣ ቁመቷ ከስንዝር ብዙ የማትበልጥ ነበረች። ግቢው መሐል ቆፍሮ ተከላትና «የምታጠጣት አንተ ነህ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ በጣሳ እያጠራቀምኩ አጠጣኋት። ፍየል እንዳይበላት ዙሪያዋን በእሾህ ያጠርነውም ሁለታችን ነን። የመጀመሪያውን አበባ ያየሁት ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ነው። አባቴ ካረፈ ዘመን አልፏል፤ ችግኟ ግን ከቤቱ ጣሪያ በላይ የተዘረጋ ትልቅ ጃንጥላ ሆናለች።

አክስቴ ሦስት ምክንያት ዘረዘረችልኝ። የዛፉ ሥር የውሃ ገንዳውን ሰነጠቀው። ባለፈው ክረምት በነፋስ የተገነጠለ ቅርንጫፍ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ፤ ቆርቆሮውን ያሠራችው እሷ ናት። ሦስተኛው ደግሞ መጥረግ ሰለቸኝ የሚል ነበር። ይሄኛው ለማሟያ የመጣ መሆኑ ገብቶኛል። አክስቴ 84 ዓመቷ ነው፤ ግቢ መጥረግ ቢሰለቻት ኖሮ ከ40 ዓመት በፊት በሰለቻት።

«እትዬ፣ እስክመጣ ጠብቂኝ» አልኳት።

«ና እንግዲህ። ግንቦት ላይ ያብባል፤ ቢያንስ አበባውን ታያለህ።»

የዘጠኝ ዓመቷን የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤቷ ለሁለት ቀን አስፈቅጄ ይዣት ለመሄድ ወሰንኩ። እናቷ «ምን ልታይ? ሙቀት ነው» ብላ ነበር። ልጅቷ ግን ባቡር ተሳፍራ ስለማታውቅ ለዛፉ ሳይሆን ለባቡሩ ብላ እሺ አለች።

የዛሬው ባቡር የኔ ዘመን ባቡር አይደለም። አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሐዲዱ አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ጠባብ ነበር። ዳገት ላይ ሲደርስ ሮጦ የሚቀድመው ጎረምሳ አይጠፋም፤ በየጣቢያው ደግሞ እንቁላልና ብርቱካን በመስኮት ይሸጥልናል። አሁን መነሻው ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። መታወቂያ ይታያል፣ ዕቃ ይፈተሻል፣ መስኮት አይከፈትም። ልጅቷ አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ፣ የበሰቃ ሐይቅ ጥቁሩን የቀለጠ ድንጋይ ታክኮ ሲዘረጋ አይታ «ባሕር ነው?» አለችኝ። ከአዋሽ ወዲያ ግራርና አቧራ ሲደጋገምባት እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን ዓይኔን መክደን አልቻልኩም። ያንን ሜዳ አይቼ አልጠግበውም፤ በዚህ ብዙ ሰው አይስማማኝም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው እግርጌ ባለው ሜዳ ቀረና፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል መጋላ አለ፤ ጠባብ መንገድ፣ ገበያ፣ ቀለሙ የደመቀ ግድግዳ። በሌላው በኩል ከዚራ አለ፤ ፈረንሳዮቹ በገመድ ለክተው ያወጡት ቀጥ ያለ ጎዳና፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ የተሞላ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ እንግዳ ሰው መንገድ ይመስለዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። በድልድዩ ስናልፍ የባጃጁ ሾፌር ዝም አለ። እኔም ለልጅቷ ያኔ አልነገርኳትም።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ፣ ወደ ከዚራ የገባነው ቀኑ አልፎ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነበር። ልጅቷ ከባጃጁ ጎን አንገቷን አውጥታ፣ «አባባ! ዛፉ እየተቃጠለ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሾፌሩ ሳቀ። «አቦ፣ ዝም በያት፤ ሁሉም እንግዳ እንደዚህ ነው የሚለው።»

በግንቦት ከዚራን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ዛፉ ከሩቅ ሲታይ ቅርንጫፍም ቅጠልም የለውም፤ ቀይ ብቻ ነው፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ ቀይ። የባጃጆቹ ጣሪያ፣ የሻይ ሻጮቹ ጀርባ፣ የቦዩ ውሃ ሁሉ በረገፈ አበባ ተነጥፏል። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብርጭቆ ውስጥ የወደቀባትን አበባ በሁለት ጣቷ አንስታ ጥላ፣ ሻዩን ለደንበኛዋ ስትሰጥ አየሁ። ደንበኛውም ምንም አላለም።

በዛፍ መጻሕፍት ላይ ይህ ዛፍ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሳይንሳዊ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ነው፤ ፈረንሳዮች ፍላምቧያን ይሉታል፣ ነበልባላማ እንደማለት። የልጅ ልጄ ሳታውቅ የፈረንሳዮቹን ስም ደገመችው። ግን ትውልዱ ድሬዳዋ አይደለም፤ ኢትዮጵያም አይደለም። አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ የደሴቲቱ ደረቅና ቅጠል አርጋፊ ደን። በ1820ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገ ቦየር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እዚያ አግኝቶ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ከዚያ በመርከብ እየተጫነ ሙቀት ባለበት አገር ሁሉ ተዳረሰ። በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ሴንት ኪትስና ኔቪስ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። ሕንዶች ጉልሞሃር ብለው ጎዳናቸውን ሞልተውታል። የሚገርመው፣ ዓለም ሁሉ ጌጥ ሲያደርገው በትውልድ ቦታው ደኑ ለከሰልና ለእርሻ እየተመነጠረ ሳስቷል። እኛም አገር የሥጋ ዘመድ አለው፦ በምሥራቁና በደቡቡ ቆላ የሚበቅል፣ ነጭ አብቦ ሲቆይ ወደ ቢጫ የሚለወጥ፣ ሶማሌዎች ለቢ የሚሉት ዛፍ። ለዚህኛው ግን ማንም ጎዳና አልሰጠውም።

ግቢያችን ደረስን። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ልጅቷን ጉንጯን አገላብጣ ከሳመች በኋላ እኔን «ከሳህ» አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ሽቅብ ነበር።

ስድሳ ዓመት የሞላው ዛፍ ነው። ቁመቱ ከ12 ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን ከቁመቱ ይበልጣል። የዚህ ዛፍ ተፈጥሮ ይሄ ነው፤ ወደ ላይ ከመሮጥ ወደ ጎን መዘርጋት ይቀናዋል። በበጋው ቅጠሉን አርግፎ፣ ረጃጅም ጥቁር ቡናማ ዛላ ብቻ አንጠልጥሎ የሞተ መስሎ ይከርማል። የዝናቡ ሰሞን ሲቃረብ ለምለም ቅጠሉና አበባው ተከታትለው ይወጣሉ። አንዱን አበባ አንስታችሁ ብታዩ አምስት የአበባ ቅጠል አለው፤ አራቱ ሙሉ ቀይ ናቸው። አምስተኛው ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቢጫና ነጭ የተረጨበት ነው። የልጅ ልጄ ይህን ልዩነት ያገኘችው እኔ ሳልነግራት ነው። «አንዱ ዩኒፎርም አልለበሰም» አለች።

አክስቴ ውሃ ልታቀርብልን ስትገባ ለልጅቷ የኛን ጊዜ ጨዋታ አሳየኋት። ከአበባው መሐል የሚወጡ፣ አናታቸው ላይ ዱቄት የተሸከመች ትንሽ ቋጠሮ ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን አንገታቸውን እናቆላልፋለን፤ ከዚያ ሳብ ነው። ጭንቅላቱ የተቀነጠሰበት ተሸናፊ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ገጠምን፤ ስድስቱን አሸነፈችኝ። ዛላው ሲደርቅ ደግሞ እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጠንካራ ሰይፍ ይወጣዋል። ስትነቀንቁት ውስጡ ያለው ፍሬ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። የስንቱን ጎረቤት ልጅ ጉልበት እንደመታሁበት አልቆጥርም። ፍሬው ለጨዋታ እንጂ ለመብላት አይደለም፤ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ይህን አትርሱ።

ቀጥሎ ገንዳውን አየሁ።

ስመጣ ሐሳቤ አክስቴን ለመለመን ነበር፤ እውነቱን ልናገር። በባቡሩ መንገድ ሁሉ ክርክሬን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። የሲሚንቶው ገንዳ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ በሥሩ በኩል የእኔን ክንድ የሚያህል የዛፍ ሥር ግድግዳውን ገፍቶ ወጥቷል። ውሃ ድሬዳዋ ላይ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ ሲመጣ ሁሉም ቤት ያጠራቅማል። ውሃው ራሱ ጠጣር ነው፤ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። የአክስቴ ገንዳ ግማሹን ካፈሰሰ አራት ወር ሆኖታል። በባልዲ ከጎረቤት የምታመጣላት አብራት የምትኖረው ልጅ ናት፤ ልጅቷ ፈተና ስትደርስባት አክስቴ ራሷ ጆግ ይዛ እንደምትሄድ በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ።

«ዛፉን ከገንዳው አጠገብ የተከለው አባቴ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው» አልኩ፤ ለማስታረቅ ያህል።

አክስቴ ሻርፗን አስተካከለች። «አባትህ ምን አደረገ? ዛፉ ቀድሞ ነበር። ገንዳውን ያስገነባሁት እኔ ነኝ። ከጥላው ሥር ይሁን፣ ውሃው ይቀዘቅዝልኛል ብዬ። ግንበኛው እንኳ ወዲያ ይሁን ብሎኝ ነበር።»

ከግንዱ እስከ ገንዳው ከልጅቷ ጋር በእርምጃ ለካን፤ በእሷ እርምጃ አምስት፣ በእኔ ሦስት ነው።

ይህን ዛፍ መትከል የምትፈልጉ ሁሉ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ይሄንን ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አይሄድም፤ መሬቱን ታክኮ እንደ እባብ ወደ ጎን ይሮጣል፤ ሲያረጅ ከግንዱ ግርጌ እንደ ክንፍ እየወጣ ይታያል። የእግረኛ መንገድ ያነሳል፣ አጥር ይገፋል፣ ቧንቧ ይከተላል። ከቤት፣ ከአጥር፣ ከገንዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አሥር ሜትር ያህል ካላራቃችሁት እናንተ ባታዩት ልጆቻችሁ ያዩታል። ግቢያችሁ ትንሽ ከሆነ ተውት፤ ብዙ ትንንሽ የአበባ ዛፎች አሉ። ከጥላው ሥርም ጎመን ወይም ሣር ይበቅልልኛል ብላችሁ አትድከሙ። የድሬዳዋ ሰው ከሥሩ ወንበር ያወጣል እንጂ አትክልት አይተክልም።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ያነጋገረችው ዛፍ ቆራጭ መጣ። ጠና ያለ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው፤ እሷን «አዴ» ይላታል። እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። «ወደ ገንዳው የሄደውን ሥር ብቻ ብንቆርጠውስ?» አልኩት።

ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ። «በአንድ በኩል ያለውን ትልቅ ሥር ከቆረጥኩ ዛፉን የሚይዘው ምንድን ነው? ነፋስ ሲመጣ በዚያ በኩል ቤቱ ላይ ይተኛል። ሥር ከምትቆርጥ ዛፉን ቁረጥ።»

«ገንዳውን ትተን ሮቶ ወዲያ ማዶ ብናስቆምስ?»

ይሄኛውን አሰበበት። ከዚያ የመጥረቢያውን ጀርባ ይዞ ግንዱን ዙሪያውን መታ መታ አደረገ። በፀሐይ መውጫ በኩል ድምፁ ጥብቅ ነው፤ ወደ ጎረቤት በኩል ሲደርስ ግን እንደ ከበሮ አስተጋባ። አሁንም መታው፤ ከበሮ ነው። ከ15 ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ መብራት መስመር ነካ ተብሎ ክንድ የሚያህል ጉቶ ተትቶ ተቆርጦ ነበር። ጉቶው በስብሶ፣ ውሃ በዚያ ገብቶ፣ ልቡን በልቶታል። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ቡናማ ዱቄት አወጣና መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። የጎረቤቱ ቤት ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ፤ የሚተኙት በዚያ በኩል ባለው ክፍል ነው። የአባቴን ዛፍ እወዳለሁ፤ ለሕፃናቱ እናት ግን የሚነገር ነገር አይደለም።

ስለ አቆራረጥ ይህን ልጨምር። የዚህ ዛፍ እንጨት ለስላሳና ተሰባሪ ነው። የሚገረዘው ገና ወጣት ሳለ፣ ቅጠሉን አርግፎ በከረመበት ወቅት ነው። ዝቅ ብለው የወጡ ቅርንጫፎችን ማንሳት፣ ከሰው ቁመት በላይ አንድ ጠንካራ ግንድ እንዲይዝ ማድረግ፣ ሁለት እኩል ግንድ ከተወዳደሩ አንዱን ማስቀረት። ሲቆረጥም ጉቶ አይተውም፤ ከግንዱ ጋር የሚያያዝበትን እብጠት ሳይነኩ ከእሱ ላይ ማንሳት ነው፤ ቁስሉ ራሱን ይሸፍናል። ካረጀ በኋላ ትልልቁን ቅርንጫፍ እየጎመዱ ማቆየት ግን ቀስ ብሎ መግደል ነው። የእኛም የሞተው እንደዚህ ነው፤ በጉቶ።

«አበባው እስኪረግፍ አይነካም» አለች አክስቴ ለቆራጩ። «ሐምሌ ላይ ና።»

«ሐምሌ ነፋስ ነው፣ አዴ።»

«እንግዲያው ሰኔ አጋማሽ። ከዚያ በፊት ግን ገመድ ይዘህ አትምጣብኝ።» በጎረቤቱ በኩል የተዘረጋውን ከባዱን ቅርንጫፍ ግን በዚያው ዕለት እንዲያወርደው ተስማሙ። ሲወርድ አበባው እንዳለ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች እንደ ሠርግ ተሻሙበት። እኔ ሱቅ ልሂድ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የልጅቷ ነው። ባለፈው ዓመት ደርቀው ዛፉ ላይ የከረሙ ዛላዎችን ሰበሰበች፤ በድንጋይ ሰብረን ፍሬውን አወጣን። አንዱ ዛላ ውስጥ ከሃያ እስከ አርባ የሚደርስ ረዘም ያለ፣ ሽፋኑ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬ አለ። ይሄ ጥንካሬ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፍበት። ዝም ብሎ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ወራት ሊተኛ ይችላል። የእኛ ዘዴ ይህ ነው፦ ውሃ ይፈላል፤ ከእሳት ይወርድና ትንፋሹ ትንሽ ከበረደ በኋላ ፍሬው ይጨመርበታል፤ በዚያው ውሃ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያድራል። በማግሥቱ ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ሙቅ ውሃ ይገባል። ፈጥኖ እንዲሆን የፈለገ ደግሞ ፍሬውን በአንድ ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነጣ ያለው ውስጡ ሲታይ ያቆማል፤ ከዛላው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ግን መንካት የለበትም፤ ቡቃያው ያለው እዚያ ነው። የልጅ ልጄ የመረጠችው መፈግፈጉን ነው። ሰባት ፍሬ ፈገፈገች፤ የአንዱን ጫፍ ስታበላሽ ደብቃ ሌላ አነሳች፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

አሸዋ የተቀላቀለበት አፈርና ትንሽ የበሰለ ፍግ በችግኝ ፕላስቲክ ሞልተን፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀበርናቸው። ፕላስቲኩ ሥሩ ላይ ቀዳዳ ካልተበሳ ውሃ ያቁርና ፍሬው ይበሰብሳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ቁመቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሲሞላ፣ የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይዛወራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በበጋ ውሃ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ድርቁን ይችላል፤ እንዲያውም የጠገበ ዛፍ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ፍየል ከተባለ ጠላት መጠበቅ ደግሞ የእናንተ ፈንታ ነው። ቀንቶት ካደገ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ሊያብብ ይችላል፤ አሥር ዓመት የሚያስጠብቅም አለ። የእኔ ስድስት ዓመት ነው የፈጀው።

ልጅቷ ጥቂት ፍሬ ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ፈለገች። አይሆንም አልኳት፤ በልምድ ነው የምናገረው። ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ተዛውሬ ቤት ስሠራ አራት ችግኝ ወሰድኩ፤ ክረምቱን ተርፈው የኅዳር ብርድ እንደ ፈላ ውሃ ቀቀላቸው። ሁለተኛው ጊዜ ጥፋቱ የኔ ግትርነት ነው፤ ግድግዳ አስጠግቼ፣ ማታ ማታ በጆንያ እየሸፈንኩ ሦስት ዓመት አቆየኋት። አንድ ሜትር ሳትሞላ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት መሸፈኑን ረሳሁ። ዛፉ ድሬዳዋ የተስማማችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ አታስቡት። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ለአዲስ አበባ ደገኛው ጃካራንዳ አለላት፤ ያ ሐምራዊው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው። ሁለቱ ሳያብቡ ቅጠላቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ችግኝ ሻጭ አንዱን ለሌላው ቢሸጥላችሁ የምታውቁት ከዓመታት በኋላ ነው።

በመጨረሻው ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። ድሬዳዋ የምትኖረው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከመጋላ በኩል ሙዚቃ ይሰማል፣ ባጃጅ ይጮሃል፣ ጎረቤት በአጥር ላይ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አልፎ በሶማሊኛ ይጨርሳል። አበባው ጭለማ ውስጥ አይታይም፤ ሲረግፍ ግን ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

ልጅቷ አዲሱ ዛፍ የሚተከልበትን ቦታ ቀን ላይ መርጣ ጨርሳለች፤ የግቢው ጥግ፣ ከቤቱ በእኔ እርምጃ አሥራ ሁለት። «እማማ፣ ይህ መቼ ነው የሚያብበው?» ብላ ጠየቀች።

«አባባሽ ስድስት ዓመት ብሏል።»

«እርስዎ ያኔ ስንት ዓመት ይሆንዎታል?»

እኔ ልቆጣት አፌን ስከፍት አክስቴ በጣቷ ቆጠረች። «ዘጠና። እናቴ ዘጠና ሦስት ኖራለች፤ ምን አላት?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ሮቶውን ግን ከዚያ ዛፍ አጠገብ እንዳታስቆሙብኝ።»

ሮቶው ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ቆመ፤ በማዶ በኩል፣ በብረት እግር ላይ። የከፈልነው እኔና ወንድሜ ነን። ሰኔ 15 ቀን ቆራጩ መጣ። አክስቴ የዚያን ዕለት እህቷ ዘንድ ሄዳ ዋለች። ማታ ስትደውልልኝ ስለ ዛፉ አላነሳችም። «ከሰባቱ አራቱ ወጥተዋል» አለችኝ። «አንዱን የጎረቤት ዶሮ ጫረብኝ። ሦስቱን መስኮት ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ለልጅቷ ንገራት፤ ስለ ዶሮው ግን አትንገራት።»